ዕቅዱ ከቤት ይጀምር

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን የ4 ዓመት ልጇን ይዛ ለመጣች እናት ስለ ፊዚዮቴራፒ ሳስረዳ አቋረጠችኝ፦ «ዶክተር፣ እኔን የጨነቀኝ ምግቡ ነው። ሁሌ ትን ይለዋል፤ ከኔ ሌላ የሚያበላውም የለም።»

አፈርኩ። ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ለካ በጀርባው አስተኝታ ነው የምታበላው! ይሄ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

አባትየውንም ጠርተን አብረን ያወጣነው ዕቅድ፦

1. ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፤ አንገቱ ወደ ኋላ እንዳይዘነበል መደገፍ
2. የላመ ምግብ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳይቸኩሉ
3. አባትየውም ተለማምዶ በተራ ማብላት

ክትትል ስትሄዱ «ቤት ውስጥ በጣም የከበደን ይሄ ነው» ብላችሁ ጀምሩ። ትን ማለቱ ከቀጠለ ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ለሐኪም ንገሩ። ትኩሳትና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካለ ግን ዛሬውኑ ውሰዱት።