ጆና ጎልድበርግ፤ በገዛ ወገኑ ፊት የቆመ ብዕር

ጋዜጠኛ የተቃዋሚውን ወገን ስሕተት በሚገልጥበት ጊዜ ከወዳጆቹ ምስጋናና ውዳሴ ስለሚጐርፍለት፣ ድፍረቱ ከኅሊናው ይመንጭ ወይስ ከውዳሴው ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ የገዛ ወገኑን ስሕተት ሊገልጥ ብዕሩን ያነሣ ዕለት ግን፣ ወዳጅ እንደሚያጣና እንጀራውም እንደሚጐድልበት እያወቀ ስለሚጽፍ፣ እውነተኛ ጠባዩ ለሁሉ ይታያል። የአሜሪካዊው ወግ አጥባቂ ጋዜጠኛና የዜና ድረ ገጽ አዘጋጅ የጆና ጎልድበርግ የሥራ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ይህ ፈተና በሃያ ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ስለ ደረሰባቸው ነው።

በአሜሪካ ወግ አጥባቂ የሚባሉት ወገኖች፣ የመንግሥት ሥልጣን በሕዝቡ ኑሮ ላይ እንዳይበዛ፣ ንግድ በነጻነት እንዲካሄድ፣ ሕገ መንግሥቱ እንደ ደራስያኑ አሳብ እንዲተረጐም፣ ቤተሰብና ሃይማኖትም እንዲከበሩ የሚሹ ናቸው። ዊልያም ባክሊ በ1955 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ያቋቋሙት «ናሽናል ሪቪው» የተባለው መጽሔት፣ መምህራኑ የሚከራከሩበት ደቀ መዛሙርቱም የሚያድጉበት ጉባኤ ቤት ሆኖላቸው ኖሯል።

ጎልድበርግ በ1969 በኒው ዮርክ ከተማ ሲወለዱ፣ የተወለዱበት ቤት አስቀድሞ የወረቀትና የቀለም ቤት ነበር፤ አባታቸው ሲድኒ ጽሑፎችን ለጋዜጦች በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሠሩ አዘጋጅ፣ እናታቸው ሉሲያን ደግሞ የደራስያን ወኪል ነበሩ። ለረጅም ዘመን የሴቶች ብቻ ሆኖ ኖሮ በ1986 ወንዶችን ለመቀበል በወሰነው በጎቸር ኮሌጅ ተምረው በ1991 ከጨረሱ በኋላ፣ በዋሺንግተን በአንድ የጥናት ተቋምና በቴሌቪዥን ዝግጅት ሥራ ሲያገለግሉ ቆዩ። በ1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከዋይት ሐውስ ተለማማጇ ከሞኒካ ሉዊንስኪ ጋር የነበራቸው ግንኙነት አገሩን ባናወጠ ጊዜ፣ የሉዊንስኪ የሥራ ባልደረባ የነበረችው ሊንዳ ትሪፕ ከእርሷ ጋር በስልክ የምታደርገውን ንግግር በድምፅ እንድታስቀር የመከሯት እናታቸው ሉሲያን ስለ ነበሩ፣ የልጅየውም ስም በዚያው ሁከት መካከል ተሰማ። በዚያ ዘመን ወደ ናሽናል ሪቪው ገብተው የመጽሔቱ ድረ ገጽ መሥራች አዘጋጅ ሆኑ።

ሥራው አዲስ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ የሚወጣ መጽሔት አዘጋጅ አንድን ጽሑፍ አሳድሮ፣ አስመክሮ፣ ደግሞም አርሞ ለማተም ጊዜ ሲኖረው፣ የድረ ገጽ አዘጋጅ ግን በሰዓታት ውስጥ ይፈርዳል፤ የወጣውም ቃል ዓለምን ዞሮ ስለሚያድር መልሶ መሰብሰብ አይቻለውም። ጎልድበርግ ለዚህ መድረክ የሚስማማ፣ ፍልስፍናን ከቀልድና ከቴሌቪዥን ትርኢት ጋር ያዋሐደ አጻጻፍ ስለ ነበራቸው፣ ወጣት አንባቢዎች በብዛት ተከተሏቸው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከደረሰው ጥፋት በኋላ ነው። የድረ ገጹ ዐምደኛ አን ኮልተር፣ ወዳጃቸው ባርባራ ኦልሰን ከተጠለፉት አውሮፕላኖች በአንዱ ስለ ሞቱባቸው በሐዘንና በቍጣ ተነሥተው፣ የጠላት አገሮች እንዲወረሩ፣ መሪዎቻቸው እንዲገደሉ፣ ሕዝባቸውም ወደ ክርስትና እንዲለወጥ የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ ቀጥሎ የላኩትን ሌላ ጽሑፍ አዘጋጆቹ አናትምም ባሏቸው ጊዜም ድረ ገጹን በአደባባይ በአፋኝነት ከሰሱ። ኮልተር በወግ አጥባቂው ጉባኤ እጅግ ተወዳጅ ስለ ነበሩ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ይቻል ነበር። ጎልድበርግ ግን ዐምዳቸውን አቋረጡ፤ ምክንያቱንም ለአንባቢው በግልጥ ሲጽፉ፣ ኮልተር የተሳሳቱት በጸሐፊነታቸው መሆኑን፣ ከዚያም በኋላ የሙያን ሥርዓትና የባልንጀርነትን ታማኝነት ማፍረሳቸውን አስረዱ። በእኔ ግምት የአዘጋጅ ሥልጣን ከሁሉ በላይ የሚከብረው እንዲህ ያለውን ፍርድ ሰጥቶ ምክንያቱን ሳይሸሽግ ሲናገር ነው።

ይህን ስል ሰውየውን ያለ ነቀፋ ማቅረቤ አይደለም። በ2008 ያሳተሙት «ሊበራል ፋሺዝም» የተባለው መጽሐፋቸው በኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር አንደኛ ቢሆንም፣ የአሜሪካን ተራማጆች ከፋሺስቶች ጋር በአንድ የትውልድ ሐረግ ማስተሳሰሩን ሮበርት ፓክስተንን የመሰሉ የፋሺዝም ታሪክ ሊቃውንት አጥብቀው ነቅፈውታል፤ እኔም በዚህ ክርክር ከሊቃውንቱ ጋር ነኝ፤ የሙሶሊኒን አገዛዝ መከራ የሚያውቅ ሕዝብ ያን ስም እንዲህ በሰፊው ሲበተን ዝም ብሎ አያይምና።

ዶናልድ ትራምፕ በ2015 በወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ በሪፐብሊካን በኩል ለፕሬዚዳንትነት ሲነሡ ጎልድበርግ ተቃወሟቸው፤ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ ኃይል ሲጠጉም እርሳቸው በተቃውሟቸው ጸኑ። በ2019 ናሽናል ሪቪውን ለቀው፣ በ2018 መጨረሻ የተዘጋው የ«ዊክሊ ስታንዳርድ» መጽሔት ዋና አዘጋጅ ከነበሩት ከስቲቨን ሄይስና ከቶቢ ስቶክ ጋር «ዘ ዲስፓች» የተባለውን የዜና ድረ ገጽ አቋቋሙ። 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስበው ሲነሡ፣ የአንባቢን ቍጣ እየቀሰቀሱ በማስታወቂያ ከመኖር ይልቅ ከአንባቢው በሚገኝ የአባልነት ክፍያ ለመተዳደር ወሰኑ፤ የሚናፈሱ ወሬዎችን እውነትነት የሚመረምር ክፍልም አቆሙ።

ሁለተኛው ፈተና በ2021 መጣ። ጎልድበርግና ሄይስ ከ2009 ጀምሮ በወግ አጥባቂዎች ዘንድ ተወዳጅ በሆነው በፎክስ ኒውስ ቴሌቪዥን በተንታኝነት ይከፈላቸው ነበር። የትራምፕ ደጋፊ የሆኑ ሁከተኞች በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንጻ ጥሰው መግባታቸውን የሚመለከት፣ የጣቢያው ዝነኛ አቅራቢ ታከር ካርልሰን ያዘጋጁት «ፓትሪየት ፐርጅ» የተባለ ባለ ሦስት ክፍል ፊልም በኖቬምበር ወር ከዚሁ ድርጅት ሲወጣ፣ ድርጊቱን የመንግሥት ሤራ አስመስሎ መንግሥት በወግ አጥባቂዎች ላይ ዘመቻ እንደ ከፈተ አድርጎ ያቀርብ ነበር። ሁለቱ አዘጋጆች ሥራቸውን ለቀቁ፤ ፊልሙ በስሕተት፣ በግማሽ እውነትና በአሳሳች ሥዕል የተሞላ መሆኑን፣ እንዲህ ያለው ሐሰትም ሰዎችን ወደ ዐመፅ ሊመራ እንደሚችል በ«ዘ ዲስፓች» ላይ ጽፈው ፈረሙበት።

ከቀድሞ ወዳጆቻቸው ብዙዎች እንደ ከዳተኛ ቈጠሯቸው። ጎልድበርግ በ2022 ወግ አጥባቂዎች በሚነቅፉት የሲኤንኤን ቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነው ሲገቡም ነቀፋው በረታ፤ እርሳቸው ግን ስለ መንግሥት ሥልጣን ልክ፣ ስለ ነጻ ንግድና ስለ ሕገ መንግሥቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የጻፉትን አልካዱም፤ የዲሞክራት ፓርቲንም መንቀፍ አልተዉም። «ዘ ዲስፓች» በ2025 የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች በመከታተል የታወቀውን «ስኮተስብሎግ» ገዝቶ ሥራውን አስፍቷል።