ሠላሳ ኪሎ ሜትር በብስክሌት፤ የአንዲት እናት የመጀመሪያ ውድድር

ብስክሌት በሰዓት በሚከራይበት ሠፈር ያደጋችሁ እናቶች የምታስታውሱት ነገር አለ። ሳንቲም አጠራቅመው የሚከራዩት፣ የሚነዱት፣ ወድቀውም ጉልበታቸው የሚላጠው ወንዶቹ ነበሩ። እኛ ሴቶቹ አጥር ተደግፈን እናያለን። አንዲት ደፋር ተነሥታ ኮርቻው ላይ ጉብ ያለች እንደሆነ፣ ከጎረቤት አንዲት እናት ብቅ ብለው «ኧረ ይቺ ልጅ ምን ነካት! ውረጂ!» ይሏታል። እሷም ትወርዳለች።

ቁጣው ከክፋት የመነጨ አልነበረም። ብስክሌት የልጃገረድን ክብረ ንጽሕና ያሳጣል፣ ሲብስም ማህፀን ያናጋል የሚለው እምነት በብዙ ቤት ሥር የሰደደ በመሆኑ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ ጉዳይ ሳይተፋፈሩ በግልጽ መነጋገር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ አንዲት ሴት ከወንድ ጋር መገናኘቷን ወይም አለመገናኘቷን ለይቶ የሚያሳይ ምንም ዓይነት ምርመራ እንደሌለና ይህን መሰሉ ምርመራም መቅረት እንዳለበት አስታውቋል። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ልጅቱ ኮርቻ ላይ በመቀመጧ የምትጠረጠርበት ምክንያት የለም። ጤነኛ ሴት ብስክሌት በመንዳቷም ማህፀኗ አይጎዳም። ነፍሰ ጡር የሆነች እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሚዛን ስቶ መውደቅ ስለሚያሰጋ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይበጃል።

ሥጋቱ በእኛ አገር ብቻ የነበረ አይደለም። በአውሮፓም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ብስክሌት ለሴት ጤና አይስማማም ብለው የጻፉ ሐኪሞች ነበሩ። በኦሎምፒክ የወንዶች የጎዳና ብስክሌት ውድድር በ1888 ዓ.ም. በአቴንስ ተጀመረ፤ ሴቶች ተራው የደረሳቸው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው። 88 ዓመት መጠበቅ ማለት ነው። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦሎምፒክ ወደ ሜልቦርን ስትሄድ ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችንም ልካለች፤ ሆኖም ከመላው ቡድን አንዲት ሴት አልነበረችም። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ግን ከአገራችን የወጣችው ኢየሩ ገብሩ በስደተኞች ቡድን ስም በጎዳናው ውድድር ተሰልፋለች። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ፣ በተካሄደ ጊዜ ሴቶች ድንጋይ የተነጠፈበትን አቀበት ሲወጡ ዓለም ተመልክቷል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ወደ አንዲት ጀማሪ ለመምጣት ነው። ጀማሪዋ ታናሽ እህቴ ናት። የ31 ዓመት ሴት ስትሆን በሐዋሳ ከተማ በአንድ ልብስ ስፌት ድርጅት የመጋዘን ጸሐፊ ሆና ትሠራለች። ባለቤቷ መምህር ነው፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ በመሆኗ በብስክሌት ወደ ሥራ መሄድ እንግዳ ነገር አይደለም። እህቴም ብስክሌት የተማረችው እዚያው ከገባች በኋላ፣ በ27 ዓመቷ ነው፤ ባለቤቷ ኮርቻውን ከኋላ ይዞላት እየሮጠ። በልጅነቷ አልተማረችም፤ ያን ጊዜ «ውረጂ!» ከሚሉት እናቶች አንዷ የእኛዋ እማዬ ነበረችና።

እህቴ ባለፈው ዓመት ለጀማሪ ሴቶች የ30 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር እንደሚዘጋጅ የሚገልጽ ማስታወቂያ አየች። በዚያው ሰሞን ዕቁብ ወጣላት። ዕቁቡ ለቡፌ ታስቦ ሲጣል የቆየ ነው። እሷ ግን ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ገዛችበት። እማዬ ይህን የሰማች ዕለት «ብርጭቆዋን ካርቶን ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት የዕቁብ ገንዘቧን ጎማ ላይ አዋለችው!» ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ አላነሣችላትም።

ስለ ውድድር ሲነሣ ሰው የሚያወራው ስለ ርቀቱና ስለ ፍጥነቱ ነው። ለሠራተኛ እናት ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰዓት ማግኘት ነው። እህቴ ከሥራ የምትወጣው በ11 ሰዓት ተኩል ነው። ሕፃኗን ከመዋያ ትቀበላለች፤ እራት ትሠራለች፤ ከመሸ በኋላ ደግሞ አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት መውጣት አደጋ አለው። የቀራት ንጋት ብቻ ነበር። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታ አንድ ሰዓት ያህል፣ እሑድ ደግሞ ሁለት ሰዓት ለመንዳት ወሰነች።

ውሳኔው ወረቀት ላይ ያምር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከልምምድ ስትመለስ ሕፃኗ በሌሊት ልብሷ እያለቀሰች፣ ሻዩ ሳይጣድ፣ ባለቤቷም ፊቱን ሳይታጠብ ይጠብቋት ነበር። እሷ ላብዋ ሳይደርቅ ቁርስ ስታቀርብ፣ ልጅ ስታለብስ፣ ሁለት ጊዜ ሥራ አረፈደች። «አለቃዬ ከተቆጡ ሁሉንም እተወዋለሁ» ብላ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ባልና ሚስቱ ሕፃኗን አስተኝተው ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ንጋት ላይ ልጅቱን አንሥቶ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላትና መዋያ ማድረስ የአባትየው ሥራ እንዲሆን ተስማሙ። እኔ በኋላ ሚስቱን በመርዳቱ ሳመሰግነው «እትዬ፣ እረዳታለሁ እንኳ አይባልም፤ የኔም ልጅ ናት» አለኝ።

አንዳንዱ ባል ሚስቱ የምትወዳደር ዕለት መንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ማጨብጨቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በአራት ወር ውስጥ ከሠላሳ በላይ ንጋት ተነሥቶ ልጅ ማልበስ ከማጨብጨብ እጅግ የላቀ ነገር ነው።

የውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ እማዬና እኔ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሐዋሳ ገባን። እማዬ መምጣቷ ራሱ አስገርሞኛል። «የልጅ ልጄን ላይ ነው» ብትልም በዘንቢሏ አንድ ጣሳ ሙሉ ጭኮ ይዛ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጭኮውን ከውድድሩ በፊት ካልበላሽ ብላ ብትነሣ እህቴ እምቢ አለች። በዚህስ ልክ ናት፤ ቅቤ የበዛበት ምግብ ቶሎ ስለማይፈጭ በሆድ ላይ ይከብዳል። ማታ መኮሮኒ በልታለች፤ ጠዋት ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላ በሶ በማር በጥብጣ ጠጣች፤ ሁለት ሙዝ ጨመረችበት። ለአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ይህ ይበቃል። ጭኮው ለማታ ቀረ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ 26 ሴቶች ተሰለፉ። አብዛኞቹ ከ17 እስከ 20 ዓመት የሚሆኑ ልጆች ናቸው። እህቴ ቁጥሯን በመርፌ ቁልፍ ጀርባዋ ላይ ሳያይዝላት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንገዱ ስድስት ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር ሲሆን አምስት ጊዜ ይዞራል። ፊሽካው ተነፋ፤ ሁሉም እንደ ንብ መንጋ ተመው ሄዱ።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ መሆኑን ልምድ ያላቸው ይናገራሉ። እህቴም አልቀረላትም። ደሟ ሞቆ ስለነበር ከፊተኞቹ ጋር እኩል ወጣች፤ በሁለተኛው ዙር ሌሎቹ ሲያዘግሙ ጭራሽ መሪነቱን ያዘች። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነፍሳል፤ እሷ ትጋፈዋለች፤ ከኋላዋ ያሉት ግን ተከልለው ይመጣሉ። በሜዳ መንገድ ላይ የብስክሌተኛ ዋናው ተጋጣሚ አየር ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አየሩ እንደ ግድግዳ ይሆናል። ከሌላው ጎማ ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ግን ከድካሙ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንስለታል። ብልሆቹ ልጆች በየተራ ከፊት እየወጡና ወደ ኋላ እየተመለሱ ነፋሱን የሚካፈሉት ለዚህ ነው። እህቴ ይህን ሳታውቀው ለሁሉም ነፋሱን ተሸከመችላቸው፤ ሦስተኛው ዙር ሲጀመር እግሯ እንደ ግንድ ከበዳት፤ እነሱ ደግሞ ጥለዋት ሄዱ።

ብቻዋን ስትንገዳገድ አምስት የሚሆኑ ልጆች ከኋላዋ ደረሱባት። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ አጠገቧ ስትደርስ «እትዬ፣ ለብቻሽ ነፋስ አትግፊ፤ ከኋላዬ ግቢ!» አለቻት። ገባች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስትነግረኝ፣ አንድ ሰው የከባድ ሻንጣዋን አንድ ጆሮ እንደያዘላት ነው የምትቆጥረው። ደግሞም በቅርብ መነዳት የራሱ ፍርሃት አለው። የፊት ጎማዋ የሌላዋን የኋላ ጎማ ከነካ የምትወድቀው ኋለኛዋ ናትና ዓይኗን ጎማው ላይ ከመትከል ይልቅ ከፊቷ ያለችውን ልጅ ትከሻ አሻግራ መመልከት ነበረባት።

በአደባባዩ ጠመዝማዛ ላይ ሁለት ልጆች ወደቁ። ምክንያቱ መታጠፊያው ውስጥ ከገቡ በኋላ ፍሬን መያዛቸው ነበር። ፍሬን የሚያዘው ቀጥታው መንገድ ላይ፣ ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ በሚታጠፉበት ጊዜም ከውጪ በኩል ያለው ፔዳል ወደ ታች መሆን አለበት። ከወደቁት አንዷ ወዲያው ተነሥታ ነዳች። ሌላዋ ግን መዳፏና ጉልበቷ ተልጦ ደም እየፈሰሳት በአዘጋጆቹ መኪና ተወሰደች። የራስ መከላከያዋ ተሰንጥቋል፤ ጭንቅላቷን ግን ምንም አላገኛትም። በነገራችን ላይ እንዲህ የተመታ መከላከያ ደኅና ቢመስልም ተመልሶ አይደረግም፤ በሌላ መተካት አለበት።

እኛ የቆምነው እዚያው አደባባዩ ጥግ ነበር። እማዬ ሕፃኗን አዝላ ደሙን አየች። እህቴ ከነተከታዮቿ ብቅ ስትል እማዬ ነጠላዋን እያውለበለበች ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣች። «ውረጂ! ልጄን ውረጂ፤ ይበቃሻል! ይቺን ልጅ ለማን ልትተያት ነው?» ስትል ጮኸች። ባልየው ክንዷን ይዞ መለሳት።

እህቴ ጩኸቱን ሰምታዋለች። ደሙንም አይታለች። «መውረድ ፈልጌ ነበር፤ ፍሬኑንም ያዝ አድርጌው ነበር» ስትል ነው በኋላ የነገረችኝ። ልጇን እማዬ ጀርባ ላይ ስታያት ሆዷ ተላወሰ። ግን መታጠፊያውን ቀስ ብላ፣ በትክክል ገባችበት፤ ወጣችም፤ ልጆቹም ጥቂት ጠበቋት። ሁለቱን ዙሮች ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደፈጸመቻቸው ብዙም አታስታውስም። አንድ ጊዜ ተራዋ ደርሶ ከፊት ወጥታ ነፋሱን ለሌሎቹ መያዟን ግን በኩራት ታወሳለች።

በ1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ጨረሰች። አንደኛ የወጣችው ልጅ ከእሷ 12 ደቂቃ ቀድማ ገብታለች። ከ24 ጨራሾች 19ኛ ሆነች። ከብስክሌቱ ስትወርድ ጉልበቷ ከድቷት አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። እማዬ ቀርባ ውሃ አጠጣቻት፤ መዳፎቿን አገላብጣ አየች፤ ክርኖቿንና ጉልበቶቿን ዳሰሰች። ጭረት ስታጣ «እንግዲህ ቡፌውስ?» አለቻት። ሳቅን፤ እማዬ ግን አልሳቀችም።

ማታ ጭኮው ተበላ። እማዬ ስለ ውድድሩ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ብቻ ነፋስ ያስጠለለቻት ያቺ ቀጭን ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ሁለት ጊዜ ጠየቀች።

ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ለመሞከር የምታስቡ እናቶች ካላችሁ ውድ ብስክሌት አያስፈልጋችሁም። ለሥራ መሄጃ የሚሆነው ተራው ብስክሌት ለመማር ይበቃል። ዋናው ኮርቻውን በልክ ማድረግ ነው፤ ተረከዛችሁን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ቀጥ የሚል ከሆነ ከፍታው ልክ ነው። ጉልበት የሚያመው ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ሲል ነው። የሴት ዳሌ አጥንት በአብዛኛው ሰፋ ያለ ስለሆነ ጠባቡ ኮርቻ ካሳመማችሁ ሰፋ ያለውን ለውጡ፤ ሕመሙን ችላችሁ አትቀመጡ። ሁለቱም ፍሬን መሥራታቸውን፣ ጎማው መነፋቱን በየጠዋቱ እዩ። ጎህ ሳይቀድ የምትወጡ ከሆነ ከፊትም ከኋላም መብራት ይኑራችሁ።

እህቴ ለሁለተኛ ውድድር ተመዝግባለች። ርቀቱ 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የቅዳሜን ጠዋትም ለልምምድ ጨምራለች፤ የልብስ እጥበቱ ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተዛውሯል። ባለቤቷ ከልጅ ማልበሱ ሌላ ቁርስ መሥራቱንም ለምዷል። የልጅቱን ጠጉር መጎንጎን ግን እስካሁን አልቻለበትም፤ ለማክሰኞና ለሐሙስ የሚሆነውን ሹሩባ እናትየው ሰኞና ረቡዕ ማታ ትሠራላታለች።