ኖድ ግድግዳ አይደለም

ኤሌክትሮን ክብ መስመር ይዞ ኒውክለስን ሲዞር በሥዕል እያየ የተማረ ሰው፣ ስለ ኖድ ሲሰማ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1926 ኤርዊን ሽሮዲንገር ኤሌክትሮንን በሞገድ የሚገልጽ ቀመር አወጣ፤ በዚያው ዓመት ማክስ ቦርን የሞገዱ መጠን በራሱ ሲባዛ ኤሌክትሮኑ በአንድ ስፍራ የመገኘት ዕድሉን እንደሚያሳይ አስረዳ። ኦርቢታል የምንለው ይህን ሞገድ ነው። በሃይድሮጅን ዝቅተኛው ኦርቢታል፣ በ1ኤስ፣ ዕድሉ ከኒውክለሱ በተራቀ ቁጥር ይሳሳል እንጂ የትም ላይ ዜሮ አይሆንም። በ2ኤስ ግን ከኒውክለሱ 0.106 ናኖሜትር ርቆ ባለ የሉል ገጽ ላይ ዜሮ ይሆንና ከዚያ ወዲያ እንደገና ያድጋል። በ2ፒ ደግሞ ዜሮው ኒውክለሱን አቋርጦ የሚያልፍ ዝርግ ገጽ ነው። ኖድ ማለት ይኸው ነው፤ ብዛቱም ከዋናው የኢነርጂ ደረጃ ቁጥር በአንድ ያንሳል።

ታዲያ ኤሌክትሮኑ ከሉሉ ውስጥም ውጭም የሚገኝ ከሆነ፣ ፈጽሞ የማይገኝበትን ገጽ እንዴት ተሻገረ? ጥያቄው ብርቱ የሚመስለው ኤሌክትሮንን ከአንድ ወገን ተነሥቶ ወደ ሌላው እንደሚጓዝ ቅንጣት ስለሚቆጥር ነው። የ2ኤስ ሞገድ ግን በሁለቱም ወገን በአንድነት የተዘረጋ ነው፦ በውስጥ ፖዘቲቭ፣ በውጭ ኔጌቲቭ። ሳይቋረጥ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ የሚለወጥ ነገር በዜሮ ማለፉ ግድ ነው። የክራር ክር መሀሉን በጣት ነካ አድርገው ሲመቱት ሁለቱ ግማሾች ይርገበገባሉ፣ መሀሉ ግን ጸጥ ይላል፤ ንዝረቱ መሀሉን እንዴት ተሻገረ የሚል የለም፣ የሚነዝረው መላው ክር ነውና።

ምልክቱ በራሱ ሲባዛ ስለሚጠፋ፣ ኖድ የሒሳብ ጌጥ ብቻ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ኬሚስትሪ ግን ይህን አይቀበልም። ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ሲቀራረቡ የሞገዶቻቸው ምልክት አንድ ከሆነ በመካከላቸው የኤሌክትሮን ዕድል ይጨምርና ይተሳሰራሉ፤ ተቃራኒ ከሆነ በመካከላቸው ኖድ ይፈጠራል፣ ትስስሩም ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አኔታ ስቶዶልና እና ባልደረቦቿ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ካስቀመጧቸው የሃይድሮጅን አቶሞች በሌዘር ኤሌክትሮኖችን አስወጥተው በመመልከቻ ላይ ሲሰበስቡ፣ ብሩህና ጨለማ ቀለበቶች ተፈራረቁ፤ የጨለማዎቹ ብዛት ከሞገዱ ኖዶች ጋር ገጠመ። በእርግጥ አቶሞቹ ከፍተኛ ኢነርጂ የተሰጣቸው ስለነበሩ ምስሉ የ2ኤስ ፎቶግራፍ አይደለም። የሞገዱ ዜሮዎች በተፈጥሮ ውስጥ መኖራቸውን ግን አረጋግጧል። ስለዚህ ኦርቢታልን የምናስተምር ሁሉ ከደመናው ቅርጽ ጋር የሞገዱን ምልክትም ልናሳይ ይገባል፤ ምልክቱን ያላየ ተማሪ አቶሞች ለምን እንደሚተሳሰሩ በቃሉ ይይዘዋል እንጂ አይረዳውም።