«እርሾ መሰል ፈንገስ» ከተባለ በኋላ

መድኃኒት ስለተላመዱ ተሕዋስያን ሲነሳ የብዙው ሰው ሐሳብ ወደ ባክቴሪያ ይሄዳል። ደም ውስጥ ገብተው የሚገድሉት እርሾ መሰል ፈንገሶች፣ በተለይ ካንዲዳ፣ ስማቸው ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሲነሱም ጥፋቱ ያለልክ በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ላይ ይወድቃል። ሐሰት አይደለም። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ላቦራቶሪ «እርሾ መሰል ፈንገስ» ብሎ ውጤቱን ሲዘጋው ነው።

ካንዲዳ ሁሉ አንድ አይደለም። አልቢካንስ የተባለው ዝርያ ፍሉኮናዞል በተባለው የፈንገስ መድኃኒት በአብዛኛው ይሸነፋል፤ ክሩሲን ግን ፍሉኮናዞል ከተፈጥሮው አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ የተገለጸው ኦሪስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፍሉኮናዞልን የተላመደ ነው፤ አልጋና የሕክምና ዕቃ ላይ ይሰነብታል፤ በቆዩ መለያ መሣሪያዎችም በሌላ ዝርያ ስም ሊመዘገብ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ከላይኛው እርከን አስቀምጦታል።

ከዘጌ ወይም ከአቸፈር ተልኮ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን የሚገባ፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ደም ሥሩ ላይ ካኑላ ይደረግለታል፤ ጠንካራ አንቲባዮቲክም ይጀመርለታል። ሁለቱም ለካንዲዳ መንገድ ይከፍታሉ። በቀላሉ የሚገኘው መድኃኒት ፍሉኮናዞል ነው። አምፎቴሪሲን ቢ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ ካስፖፈንጂን ውድ ነው። ሕፃኑን የያዘው ክሩሲ ከሆነ ታዲያ በፍሉኮናዞል የሚያልፉት ቀናት ሕክምና ይመስላሉ እንጂ ሕክምና አይደሉም።

ምርመራው ግን የሚያስፈራ አይደለም። ክሮም አጋር በተባለ ማብቀያ ላይ ሲዘራ በሁለት ቀን ገደማ አልቢካንስ አረንጓዴ፣ ትሮፒካሊስ ሰማያዊ፣ ክሩሲ ሻከር ያለ ሮዝ ሆኖ ይበቅላል። ከዚያ ግሉኮስና ሜቲሊን ብሉ በተጨመረበት ሙለር ሂንተን አጋር ላይ ፈንገሱ ይዘራና 25 ማይክሮግራም ፍሉኮናዞል የያዘች ትንሽ ክብ ወረቀት (ዲስክ) ትቀመጥበታለች፤ በማግስቱ ዙሪያዋን ሳይበቅል የቀረው ክብ በማስመሪያ ይለካል። ለባክቴሪያ ይህንኑ የሚሠራ ላቦራቶሪ እጁ ሥራውን ያውቀዋል። የሚቸግረው ዲስኩና አጋሩ ሳይቋረጡ መቅረባቸው ነው፤ ከዚያም በላይ፣ ሐኪሙ «ዝርያው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ አፍሪካ ጋውቴንግ ግዛት አንድ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ክሩሲ በብዙ ሕፃናት ደም ውስጥ ተዛምቶ ነበር። ያ ሁሉ ውጤት «እርሾ» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ኖሮ የተለያየ በሽታ ይመስል ነበር። እኛም ዘንድ በአንድ ሳምንት ሦስት ሕፃናት ደም ውስጥ ፈንገስ ቢገኝ፣ ዝርያው ካልታወቀ ምንጩ አንድ ይሁን ሦስት ማንም አይለይም፤ የነርሷን እጅ፣ በጋራ የሚቀዳበትን የግሉኮስ ጠርሙስ የሚፈትሽ አይኖርም። የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከደም ካልቸር የበቀለ እርሾ ሁሉ ለዝርያና ለመድኃኒት ምርመራ ወደዚያ እንዲላክ መደንገግ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።