ባክቴሪያው አልጠፋም

ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት የገባበትን አፈር እንዳይ የሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ባክቴሪያው ከየት አገር እንደሚመጣ፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ነው። «እዚሁ አለ» ስላቸው ቅር ይላቸዋል። ለዓመታት ዘይት ሲደፋበት በኖረ የጋራዥ ግቢ ግን ዘይት የሚበላው ባክቴሪያ ከማናችንም ቀድሞ ተራብቷል። የጎደለው የሚሠራበት ሁኔታ ነው።

ናፍጣ ከክብደቱ 86 በመቶ ገደማው ካርቦን ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ወጥ ሞልቶ እንጀራ እንዳለቀበት ገበታ ነው። ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ በሙያችን የተለመደ መነሻ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን በመሆኑ፣ አፈሩ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ኪሎ ናፍጣ 190 ግራም ያህል ያስፈልጋል። እሱንም ከፋፍለን እንሰጣለን እንጂ በአንዴ አንደፋም፤ ሲበዛ አሞኒያው ባክቴሪያውን ራሱን ይጎዳል። ዘይት በፈሰሰ ቁጥር ሰጋቱራ መበተን ልማድ ሆኗል። ዘይቱን ይመጥጣል፣ መሬቱም አያንሸራትትም። ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ ግን እሱም ካርቦን ነውና ያችኑ ትንሽ ናይትሮጅን ይሻማል።

ሁለተኛው ጉዳይ አየር ነው። አንድ ኪሎ ዘይት ፈርሶ እንዲያልቅ ከሦስት ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይወስዳል። የአቃቂና የቢሾፍቱ አካባቢ ዋልካ አፈር እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ በበጋ ይሰነጠቅና ዘይቱን ወደ ታች ያሰርጋል፣ በክረምት ደግሞ አብጦ አየሩን ይዘጋል። ስለዚህ አፈሩን ቆፍረን እናወጣለን፣ አየር እንዲገባበት ገለባ ቀላቅለን፣ ለእሱም ናይትሮጅን አስበን፣ በፕላስቲክ ላይ እንከምራለን፣ ከዝናብ እንከልላለን፣ በየጊዜው እናገላብጣለን። በአፋር በረሃ ቦቴ ተገልብጦ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ሥራውን ያፈጥናል፣ የሚጎድለው ውሃ ነው።

ይህ የጋራዥ ግቢ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ወደ 11 ሚሊዮን ጋሎን ድፍድፍ ዘይት ስታፈስ፣ በባሕሩ ዳርቻ ድንጋዮች ላይ የተረጨው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ነበር፤ እዚያው የነበሩት ባክቴሪያዎችም ሥራቸውን አፋጠኑ። በዚያው አካባቢ የተሞከሩት ለገበያ የተዘጋጁ ባክቴሪያዎች ግን ማዳበሪያ ብቻ ካገኘው ቦታ የበለጠ ውጤት አላሳዩም። ከ12 ዓመት በኋላ በተደረገ ቅኝት ደግሞ፣ አየር በማይደርስበት ከድንጋዩ ሥር፣ ዘይቱ ገና አልፈረሰም ነበር።

ከውጭ የመጣ ባክቴሪያ ምንጊዜም ከንቱ ነው አልልም። ትራይክሎሮኢታይሊንን የመሰሉ ክሎሪን ያለባቸው ማሟሟያዎች የከርሰ ምድር ውሃን ሲበክሉ፣ እስከ መጨረሻው ክሎሪናቸውን ገፍፎ የሚጨርሰው ዴሃሎኮኮይዴስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ቦታው ላይ ከሌለ ማምጣቱ ዋጋ አለው። በሌላ በኩል ምንም ባክቴሪያ የማይጨርሰው ብክለት አለ። የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ውስጥ ያለው ክሮም ብረት ነው። ባክቴሪያ አደገኛውን ዓይነት ጉዳቱ ወዳነሰ ሊለውጠው ይችላል፤ ሊያጠፋው ግን አይችልም። «ሁሉን ይበላል» ተብሎ የሚሸጥ ጠርሙስ ስናይ ይህን እናስታውስ።

እንዲህ ያለ ምርት ለሚገዛ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው። የተበከለውን አፈር ለሁለት ክፈሉት። አንዱን በውሃ፣ በዩሪያና በማገላበጥ ብቻ ያዙት፤ ሌላው ላይ ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ ምርቱን አድርጉበት። ከሁለቱም ናሙና ወስዳችሁ የቀረውን ዘይት በላቦራቶሪ አስለኩ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ፣ ገንዘቡን ለዩሪያና ለቀን ሠራተኛ ብታውሉት ይሻላል።