በክረምት ወራት የቤትን እርጥበትና ሻጋታ ስለ መከላከል

ክረምት በገባ ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎችም የደጋ ከተሞች ግድግዳ ሲጠቁር፣ በሣጥን የተቀመጠ ልብስ ሲሸት፣ የመጻሕፍት ሽፋን ሲሻግት እናያለን። ብዙ ሰዎች ይህን የክረምት ጠባይ ነው ብለው ይተዉታል። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እንደ ገለጸው፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው ለሳልና ለመተንፈሻ አካላት ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ አስም ያለበትም ሕመሙ ሊብስበት ይችላል።

የሻጋታ ዘር በዐይን የማይታይ ሆኖ በአየር ውስጥ ዘወትር ይንሳፈፋል፤ በመሶብ የሰነበተውን እንጀራ የሚያበላሸውም ይኸው ወገን ነው። ዘሩን ከቤት ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ውሃ ካላገኘ ግን አይበቅልም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ እርጥበትን መቀነስ ነው።

ውሃው የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ከውጭ ነው፤ ጣራ ያፈሳል፣ ዝናብ የጭቃውን ግድግዳ ያርሳል፣ በቤቱ ዙሪያ የተቋጠረ ውሃም ከሥር ወደ ላይ ይሳባል። ሁለተኛው ከውስጥ ነው፤ የድስት እንፋሎት፣ በቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ፣ የተኙት ሰዎች እስትንፋስ ሁሉ አየሩን ያረጥቡታል። ሞቃት አየር ብዙ ተን ይሸከማል፤ ሌሊት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ በነካ ጊዜ ግን መሸከም አቅቶት እንደ ጤዛ ይተወዋል። ሻጋታ ብዙ ጊዜ ከአልጋና ከቁም ሣጥን ጀርባ የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል፦

1ኛ/ ክረምት ሳይገባ ጣራን ማስጠገንና በቤቱ ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ መቈፈር።

2ኛ/ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን መስኮቶችና በሮች መክፈት።

3ኛ/ አልጋንና ቁም ሣጥንን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ማራቅ።

4ኛ/ ድስትን መክደን፤ የረጠበ ምንጣፍንም ከ48 ሰዓት በፊት ማድረቅ።

5ኛ/ ጥቂት ሻጋታ ቢታይ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ማድረቅ። በላዩ ቀለም መቀባት ነውሩን ይሸፍናል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋም።

ከሁሉ በላይ የምናስጠነቅቀው ግን ቤት ለማድረቅ ሲሉ በር ዘግተው ከሰል እንዳያነዱ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ስለ ሆነ፣ የተኛውን ቤተ ሰብ ሳያስነቃ ይገድላል። ከእርጥብ ግድግዳ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

መምህራንም በሚፈላ ውሃ ላይ ቀዝቃዛ ሳሕን ይዘው ጠብታው እንዴት እንደሚፈጠር ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ፣ ልጆቹ ትምህርቱን ወደየቤታቸው ይዘውት ይገባሉ።