የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ትልቅ ሐኪም ቤት መቀጠር፦ ጥቅሙና ጉዳቱ

አሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ኑሯቸውን የሚመሩት በሕክምናው መስክ ተሰማርተው ነው። ነርሱ፣ የነርስ ረዳቱ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ሠራተኛው፣ የታካሚ ምግብ አቅራቢውና የጽዳት ሠራተኛው ቁጥሩ ብዙ ነው። እዚህ ነርሲንግ ወይም ፋርማሲ ከምናስተምራቸው ልጆችም ነገ ወደዚያው የሚያቀኑ ይኖራሉ። አንዱ ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ በትንሽ የግል ክሊኒክ መሥራት ይሻላል ወይስ የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ትልቅ ድርጅት? ሪዝቅ ከአላህ ቢሆንም ሰበቡን መርምሮ መያዝ የሰው ድርሻ ነውና ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው።

ካይዘር ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1933 ሲድኒ ጋርፊልድ የተባለ ወጣት ሐኪም በካሊፎርኒያ በረሃ የውኃ ቦይ ለሚቆፍሩ ሠራተኞች አነስተኛ ሐኪም ቤት ከፈተ። ሕክምናውም ለአንድ ሠራተኛ በቀን 5 ሳንቲም አስቀድሞ እየተከፈለ የሚሰጥ ሆነ። በኋላ ከባለሀብቱ ሄንሪ ካይዘር ጋር ተገናኝቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከብ ሠሪዎችን አከመ። ይኸው አገልግሎት በ1945 ለሕዝብ ክፍት ሲደረግ ካይዘር ፐርማኔንቴ የሚባለው ድርጅት መሠረት ያዘ። ከጦርነቱ በኋላም የሠራተኛ ማኅበራት አባሎቻቸውን በብዛት አስገቡበት። ዛሬ ኢንሹራንሱንም ሐኪም ቤቱንም አንድ ላይ አድርጎ፣ ካሊፎርኒያን፣ ኮሎራዶን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ በበርካታ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ይሠራል። አብዛኛው ሠራተኛው የማኅበር አባል ነው።

በሀገራችን በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም። ስለዚህ የኅብረት ስምምነት የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። የኅብረት ስምምነት ማለት ደመወዝን፣ የሥራ ሰዓትን፣ ፈቃድንና ስንብትን በሚመለከት ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት፣ ሁለቱንም የሚያስገድድ ውል ነው።

ጥቅሙ

አንደኛ፣ ደመወዝ በሰንጠረዥ የተወሰነ ነው። አዲስ የመጣ ሰው እንግሊዝኛው ስለተኮላተፈ ወይም መደራደር ስላፈረ ያነሰ አይከፈለውም። በተመሳሳይ መደብ ላይ ያለ ሁሉ እንደ አገልግሎት ዘመኑ እኩል ያገኛል። የቤተሰብ የጤና መድን፣ ጡረታና ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድም በውሉ ውስጥ ይገባሉ።

ሁለተኛ፣ የሙከራ ጊዜውን ያጠናቀቀ ሠራተኛ አለቃው ስለተቆጣ ብቻ አይባረርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 እንደወሰነው፣ ቅጣት ሊያስከትል ለሚችል ጥያቄ የተጠራ የማኅበር አባል ተወካዩ አጠገቡ እንዲቀመጥ የመጠየቅ መብት አለው። ግን እርሱ ራሱ መጠየቅ አለበት። ብዙ ወገኖች ይህን ሳያውቁ ብቻቸውን ገብተው ያልገባቸውን ወረቀት ይፈርማሉ።

ሦስተኛ፣ በድርጅቱና በማኅበራቱ ስምምነት የተቋቋሙ የትምህርት ገንዘቦች አሉ። የነርስ ረዳት ሆኖ የገባ ሰው እየሠራ ነርስ ለመሆን ይማርበታል።

አራተኛ፣ ኅብረት ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከ75,000 በላይ የካይዘር ሠራተኞች የሰው ኃይል እጥረትንና ደመወዝን በሚመለከት ለሦስት ቀናት ሥራ አቆሙ። ከዚያ በተደረሰው ስምምነት በአራት ዓመት 21 በመቶ ጭማሪ፣ እንዲሁም በካሊፎርኒያ በሰዓት 25 ዶላር፣ በሌሎች ግዛቶች 23 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ደረጃ በደረጃ እንዲደርስ ተወሰነ።

ጉዳቱ

ማኅበር በነፃ አይገኝም። መዋጮው ከደመወዝ ይቆረጣል። በሜሪላንድ ውሉ ክፍያን ግዴታ ሊያደርግ ይችላል፤ በቨርጂኒያ ግን ሕጉ ማስገደድን ይከለክላል። ወንዝ ተሻግሮ መቀጠር ብቻ ልዩነት ያመጣል።

የሥራ ማቆም አድማም ሲመጣ ደመወዝ የለም። በሕጉ መሠረት በሐኪም ቤት አድማ ከመደረጉ በፊት የ10 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል። ይህም ለታካሚው ዝግጅት እንዲደረግለት ነው፤ የታካሚ ሕይወት አማና ነውና። ለሠራተኛው ግን ኪራይ አይጠብቅም፤ ሀገር ቤት ያለን ቤተሰብም በዚያ ወር ገንዘብ ዘገየ ብለን ማኩረፍ የለብንም።

ትልቁ ጉዳት ግን የአገልግሎት ዘመን ደንብ ነው። ቆየት ያለው አስቀድሞ ፈረቃና ፈቃድ ይመርጣል፤ አዲሱ የተረፈውን ይወስዳል። የተረፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌሊት ሥራና የሳምንት መጨረሻ ነው። ትጉሁና ሰነፉ እኩል መከፈላቸውም የሚያሳዝናቸው አሉ።

ጁሙዓና ፈረቃ

ሙስሊሙን ሠራተኛ ይህ ደንብ በቀጥታ ይነካዋል። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖት በተቻለ መጠን እንዲያስተናግድ ያዛል። ሆኖም በ1977 ቅዳሜን በሚያከብር የአየር መንገድ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪ ለዚህ ሲል የኅብረት ስምምነቱን የአገልግሎት ዘመን ደንብ እንዲጥስ አይገደድም ተብሎ ተወሰነ። በ2023 ደግሞ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪው ጥያቄውን ለመከልከል ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ተባለ። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የአገልግሎት ዘመኑን ደንብ ግን አላፈረሰም።

ስለዚህ ጥያቄው በብልሃት ይቅረብ። ሙሉ ቀን ከመጠየቅ ይልቅ የዓርብ የምሳ እረፍት ከጁሙዓ ሰዓት ጋር እንዲገጥም መጠየቅ ይቀላል። ፈቃድ ከወራት በፊት በሚመረጥበት ቦታ ዒድ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን፣ ሁለቱንም ሊሆኑ የሚችሉ ቀናት አስቀድሞ በጽሑፍ ማስያዝ ይበጃል። ከክርስቲያን ባልደረባ ጋር ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት ፈረቃ መለዋወጥም ጥሩ ነው፤ እርሱ ገናን ቤቱ ይውላል፣ አንተ ዒድን።

ከመፈረም በፊት

ወንድሜና እህቴ! የሙከራው ጊዜ ስንት ቀን ነው? መዋጮው ስንት ነው? የኅብረት ስምምነቱ መቼ ያበቃል? አዲስ ሠራተኛ ስንት ዓመት በሌሊት ይሠራል? እነዚህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። የስምምነቱንም ቅጂ ተቀብላችሁ አንብቡ። ከገባችሁም በኋላ ከደመወዛችሁ ጥቂቱን ለአድማ ቀን አስቀምጡ።

ልጆች የሚያሳድግና በአንድ ከተማ ለመቆየት የወሰነ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹን ከባድ ዓመታት ከታገሠ፣ በእኛ አመለካከት ማኅበር ያለበት ድርጅት ይሻለዋል፤ ጊዜው በገፋ ቁጥር ደንቡ ለእርሱ ይሠራልና። ትምህርት ላይ ያለና ሰዓቱን እንደልቡ ማድረግ የሚፈልግ ወይም በቅርቡ ከተማ የሚለቅ ግን አገልግሎት ዘመኑን ሳይጠቀምበት መዋጮውን ብቻ ከፍሎ ሊወጣ ይችላል፤ ለእርሱ ትንሹ ክሊኒክ ሊመቸው ይችላል። የትም ቢሆን ውል ከፈረሙ በኋላ ቃልን መሙላት ግዴታ ነው። ወላሁ አዕለም።